የማልጽፈው ስም

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ስልክሽ ዝግ ነው።

ውድ ሮዛሊ፣

አማርኛ እንደማታነቢ አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ ስጀምረው የሥራ ማመልከቻ እየመሰለብኝ ቀደድኩት። የምጽፍልሽ እዚሁ ሰፈራችን፣ ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ኬክ ቤት ተቀምጬ ነው። ቅዳሜ ልጃችን አምስት ዓመት ይሞላታል። አክስቴ ማንአልሞሽ፣ «ኬክ እዘዝ፣ በቪዲዮ እናሳያታለን» ብላ ላከችኝ። ስልክሽ እንደተዘጋ አልነገርኳትም።

ስሟን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። የአያትሽ ስም ነው። እኛ ዘንድ ስም ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ትርጉሙ ነውና አክስቴ ሕፃኗን ታቅፋ፣ «ይሄ ደግሞ ስም ነው ወይስ የራስ ምታት መድኃኒት?» አለች። ምን እንዳለች ስትጠይቂኝ፣ «ቆንጆ ስም ነው አለች» ብዬ ተረጎምኩልሽ። አልተታለልሽም፤ ሳቅሽ።

ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩት። አንዱ ገጽ «አበባ» ይላል። ሌላው «የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሴት ልጅ ስም» ብሎ ያልፋል፤ የየትኛው ሕዝብ፣ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንኳ አይናገርም። የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የቦታ ስም ነው። ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ርቆ፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ በሆነ ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋው በእጅ ሲቆፈር ውሃ የሚወጣበት ቦታ። አያትሽ የተወለዱት እዚያ ነው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት፣ «በይ እንግዲህ፣ የኔ ምንጭ» ብላ ልጅቷን ሳመቻት። ከዚያ ወዲህ ስሙን ከሁላችን አብልጣ የምትጠራው እሷ ሆነች።

መስከረም ላይ አያትሽ አረፉ። ያን ጠዋት ወጥ ቤት ቆመሽ፣ «በልማዳችን የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ስማቸውን ማንም እንዳይጠራ፤ ፎቷቸውም እንዳይወጣ» አልሽኝ።

«የልጅቷስ?»

«የሷም ያው ስም ነውና ተዘግቷል። ሰዎቻችን እስኪከፍቱት በሌላ ትጠራለች።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም። ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳት። ከማውንትሌክ ቴራስ መኪና እየነዳች ነበር። «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ገብቶኛል» አለች። ሐዘኑ እንዳይብስብሽ የሰጋሁ መስሏታል።

ከሰዓት በኋላ የእኔ ወገኖች ለልቅሶ መጡ። አክስቴ ከፌስቡክሽ ያወጣችውን የአያትሽን ፎቶ ትልቅ አድርጋ አሳትማ፣ ከሥሩ ስማቸውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስጽፋ ይዛለች። ከደጃፍ ጀምራ ደረቷን እየደቃች በስማቸው ጠራቻቸው። እኛ ዘንድ የሚለቀሰው ስም እየተጠራ ነው። አንቺ የልጅቷን ጆሮዎች በእጆችሽ ደፍነሽ መታጠቢያ ቤት ገባሽ፤ ቆለፍሽ። አክስቴ በሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ? አብሬሽ ነው እኮ ያለቀስኩት» ትላለች። እኔ መሃል ቆሜ ለማን ምን እንደምተረጉም ጠፋኝ።

ለቀብር ብለሽ ልጅቷን ይዘሻት አውስትራሊያ ሄድሽ። ቀብሩ ካለፈ ቆየ። አልተመለሳችሁም።

ባለፈው እሑድ ቪዲዮ ከፈትሽልኝ። ፊቷን ሳይ ስሟ ከአፌ አመለጠ። ከኋላሽ ያወሩ የነበሩት ሴቶች ፀጥ አሉ። ልጅቷ በእንግሊዝኛዋ፣ «አባ፣ አሁን እሷ አይደለሁም» አለችኝ። «ታዲያ ማን ነሽ?» ስላት ልትነግረኝ ትችል እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ አንቺ ዞረች። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ስደውል አታነሺም ነበር፤ ዛሬ ጭራሽ ተዘጋ።

እንቅልፍ የለኝም። ትናንት በታክሲዬ ወደ ሬንተን መንገደኛ ጭኜ የአውራ ጎዳናውን መውጫ አለፍኩት፤ ሰውዬው ባይጮህብኝ ታኮማ እደርስ ነበር። ልማዳችሁን አልጠላሁም። የሚያስፈራኝ፣ ልጄ በማላውቀው ስም አድጋ አንድ ቀን ከኋላዋ ስጠራት አለመዞሯ ነው። ትመለሺ እንደሆነ አንድም ጊዜ አልጠየቅኩሽም። አልመለስም ትይኛለሽ ብዬ ነው።

የኬክ ቤቱ ባለቤት ሚሪያም ክሬሙን ይዛ ባንኮኒው ጋ ቆማለች።

«ፋኑኤል፣ ማን ብዬ ልጻፍ?»

«ቆይ።»

«ያንተው ልጅ አይደለችም እንዴ? ስሟ ጠፋህ?» ትስቃለች።

«ባዶውን ተዪው።»

«ባዶ ኬክ የማን ልደት ነው? ንገረኝ እንጂ፣ ክሬሙ እየደረቀ ነው።»

እሷን ትቼ ይህን እጽፍልሻለሁ።

ሮዛሊ፣ የአውስትራሊያ መግቢያ ፈቃዴ በእጄ ከገባ ሰንብቷል። ፓስፖርቴ መኪናው ውስጥ ነው። ያቆየኝ ፍርሃት ነው። ከዚህ በቀጥታ ወደ ኤርፖርት ሄጄ በተገኘው በረራ እመጣለሁ። ደጃችሁ ስደርስ ማንንም አልጠራም። አንድ ሰው ወጥቶ ልጄን ምን ብዬ እንደምጠራት እስኪነግረኝ ውጭ እቆማለሁ። አትምጣብን የምትዪኝ ከሆነም እዚያው ፊት ለፊት በይኝ። ካስገባሽኝ ይህን ቁጭ ብዬ እየተረጎምኩ አነብልሻለሁ።

ሚሪያም «ወዴት ነው? ኬኩስ?» እያለችኝ ነው። ተነስቻለሁ፤ የመጨረሻውን መስመር የምጽፈው በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ነው።

ፋኑኤል