ከግድግዳው የነቀልሁት ዝርዝር

ደሞዜ፣

ለፈተናህ ግድግዳው ላይ የለጠፍኸውን የግሪክና የላቲን የቃላት ሥሮች ዝርዝር ነቅዬ ወስጃለሁ። ይቅርታ።

እናቴን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር እየሄድሁ ነው። እዚህ ያዩዋት ሐኪም ሪፈር ጽፈውላታል።

ወረቀቱ ላይ «ሄፓቶማ» የሚል ቃል አለ። ባንተ ዝርዝር «ሄፓቶ» ጉበት ነው፤ «ኦማ» ደግሞ ዕጢ። ሦስት ጊዜ አመሳከርሁት። ከቃሉ ኋላ የጥያቄ ምልክት አለ። እሱ ምን ማለት እንደሆነ ዝርዝርህ አይናገርም።

«ምን ይላል፣ አንተ ተማሪው?» እናቴ ስትለኝ «ጨጓራ ነው» አልኋት።
«እኔስ በርበሬው ነው ብዬ ነበር!» ብላ ሳቀች።


ዝርዝሩን ሳነብ አይተህ «ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ይህ ምን ያደርግለታል?» ያልኸኝን አልረሳሁም። ግን ካንተ ሌላ የሕክምና ተማሪ አላውቅም።

ድንቹ ተቀቅሏል፤ ድስቱ ውስጥ ነው። ቁልፉ አከራያችን ጋ አለ።

ተሳስቼ ከሆነ አሁኑኑ ደውልልኝ።
ልክ ከሆንሁ ግን አትደውል። እናቴ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፤ ፊቴን ታየዋለች።

የሺዋስ