አንዲቷን ሴት ሦስት ላደረጉ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የግንባታ መሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ «ሴት መሐንዲሶችን እናበዛለን» ብለው በገቡት ቃል መሠረት እኔን አንዷን ሦስት ስላደረጉኝ በአደባባይ ለማመስገን እወዳለሁ። ነጭ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሄልሜት እየቀያየርኩ፣ አፍና አፍንጫዬን በአቧራ መከላከያ ሸፍኜ የተነሳሁት ፎቶ በፖስተሩ ላይ ሦስት ሴት ሆኖ ወጥቷል። በዓመታዊው ሪፖርትም ቁጥራችን ሦስት እጥፍ ማደጉን አንብቤ ለራሴ እንኳን ደስ አለሽ ብያለሁ። ሄልሜቶቹን ግምጃ ቤቱ ያኔውኑ ተረክቦኛል።

፩. የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል እያሉ በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ ስለሚያስይዙኝ አመሰግናለሁ። የድልድዩን ምሰሶ ያሰላሁት በዚሁ እጅ ነው፤ ስሌቱ በአለቃዬ ስም ስለቀረበ ሳያውቁት ቀርተው ይሆናል።

፪. የሙያ ፈቃድ ለማውጣት ሦስት ዓመት ሳይት ላይ መሥራት ግዴታ ነው። ሳይት ይላኩኝ ባልኩ ቁጥር «እህቴ፣ እዚያ የሴት መጸዳጃ የለም፣ ላንቺው ብዬ ነው» ይሉኛል። ስለዚህ የመጸዳጃውን ንድፍ ሠርቼ ባቀርብ «ሴት በሌለበት ሳይት የሴት መጸዳጃ አያስፈልግም» የሚል መልስ ማኅተም አርፎበት ደረሰኝ። ይኸው ሰባት ዓመቴ ነው። ሥራ ያስለመድኩት ልጅ ዛሬ አለቃዬ ሆኗል፤ ፈቃዱ ግን ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

፫. እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ታናሽ እህቴ ፖስተሩን አይታ የምህንድስና መመዝገቢያ ቅጽ ሞላች። «ከአንቺ ሌላ ሁለት ካሉማ እኔ አራተኛ እሆናለሁ» አለችኝ። ሦስቱም እኔ መሆኔን ነገርኳት። የሞላችውን ቅጽ አጣጥፋ የሌላ ትምህርት ቅጽ አምጪልኝ አለች። አመጣሁላት። ከሁሉ ያመመኝም ተይ ሳልላት በገዛ እጄ ማምጣቴ ነው።

በፖስተር ሦስት፣ በወንበር አንድ፣ በሳይት ምንም የሆንኩት ቃለ ጉባኤ ያዥዎ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ።

ማስታወሻ፦ ፖስተሩ የተለጠፈው ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቼ ጆሮ ዳባ ልበስ በተባልኩበት የኮሪደሩ ግድግዳ ስንጥቅ ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ስንጥቁ ከፖስተሩ ጠርዝ አልፎ ወጥቷል። ፎቶ አንሺውን ቢጠሩልኝ አንድ ሄልሜት ጨምሬ እነሳና ፖስተሩ ሰፋ ይላል፤ እህቴ ስለቀረች አራተኛዋንም እኔው እሆናለሁ።