ጠፍቶ የበራው ሬዲዮ

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለይገዙ፣

ስለ ጤናህ መጠየቅ ደንብ ስለሆነ ጠይቄሃለሁ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። እናትህ እማማ ወለተጻድቅም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ነው የሚያማቸው። ክሊኒክ ወስጃቸው ቅባት ሰጥተዋቸዋል፣ ይሸታል ብለው አይቀቡትም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁም። አሰብ የሚመላለሰው ሹፌር ረሻድ በእጁ ይሰጥሃል። ምክንያቱ ስታነበው ይገባሃል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ፈርመህብኛል።

ጳጉሜን 3 ቀን በተደረገው የሦስቱ ጣቢያዎች የሥራ ውድድር፣ አንተ ከአሰብ ጣቢያ ሆነህ፣ አዲስ አበባ ከተመደበላት ሞገድ ወጥታለች ብለህ ጻፍክ። ከአምስት ሰዓት ከአርባ እስከ ስምንት ሰዓት የተላለፉት አርባ አንድ መልእክቶች የተበላሹት በአዲስ አበባ ኦፕሬተር ቸልተኝነት ነው ብለህ ጻፍክ። የአዲስ አበባ ኦፕሬተር ማን እንደሆነች ታውቃለህ። ስሜን እንኳ አልጠራህም። «ኦፕሬተሯ» ነው ያልከኝ። በዚያ ፊርማ አሰብ አንደኛ ወጣ፣ እኔ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ።

ሰብሳቢው ጓድ ባጫ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የጎማ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ስለ ቴሌፕሪንተር፣ ስለ መልእክት መጻፊያችን ማሽን፣ የሚያውቀው ወረቀት እንደሚበላ ብቻ ነው።

«ጓዲት ጽጌማርያም፣ በሰው ቋንቋ አስረጂን» አለኝ።

አስረዳሁ። ማሽኑ በሬዲዮ የሚልከው ሁለት ፉጨት ነው፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መቶ ሰባ ሄርትዝ ብቻ ነው። ተቀባዩ ሬዲዮውን ልክ በቦታው ካልቃኘ ማሽኑ አንዱን ፉጨት ከሌላው መለየት ያቅተዋል፤ የሲሚንቶ ጭነት ዝርዝር ሆኖ የተላከው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ሆኖ ይወጣል። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና አሰብ በአንድ ሞገድ ላይ በየተራ ነው የምንሠራው፤ ስለዚህ አንዱ ከቦታው ቢንሸራተት ሥራው ይበላሻል አልኳቸው።

«ታዲያ የተንሸራተተው ማነው? አንቺ ነሽ እሱ?» አለ አንዱ።

«እሱ ነው።»

«እሱ ደግሞ አንቺ ነሽ ይላል።»

«ለሁለታችንም እንደዚያ ነው የሚታየን። የሚንሸራተት ሬዲዮ ላይ የሞገዱ ማሳያ ቁጥር አይንቀሳቀስም። ራስህ እየሸሸህ ሌላው የሸሸ ይመስልሃል።»

«እንግዲህ ማንን እንመን?»

ጓድ ባጫ ሳቀ። «ጓዲት፣ የፈረመው እኮ ባልሽ ነው! ጠላትሽ ቢሆን እንጠረጥር ነበር። የገዛ ባል በሚስቱ ላይ በውሸት ይፈርማል?»

ሁሉም ሳቁ።

ለጊዜው ከማሽኑ አንስተው መዝገብ ቤት አስቀምጠውኛል። የመጨረሻው ውሳኔ የፊታችን ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከመካከላቸው አንዱ «ቸልተኝነት ነው አሻጥር?» ብሎ ጠይቋል፣ ቃለ ጉባኤም ላይ ተጽፏል። አሻጥር የሚባለው ቃል አንድ ጊዜ ማኅደር ውስጥ ከገባ ሰውን የት እንደሚያደርስ ላንተ አልነግርህም። የአስኮው የአጎትህ ልጅ በዚሁ ቃል ተይዞ እንደተገደለ ታውቃለህ።

ለእማማ ከሥራዬ መነሳቴን ስነግራቸው፣ «ልጄ ዋሽቷል ነው የምትዪኝ?» አሉ።

«አላልኩም፣ እማማ።»

«ፊትሽ ብሏል።» ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ልጅ ሆኖ ዕቃ ሲሰብር ድመቷ ናት ይል ነበር» አሉ። ሲናገሩ አልሳቁም፣ እኔም አልሳቅሁም።

እውነቱን ልንገርህ፣ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አልፈረድኩብህም። ተሳስቷል እንጂ አልዋሸም አልኩ። እንዲያውም ራሴን ጠረጠርኩ። አንተ እንዳስተማርከኝ በየጠዋቱ ሬዲዮዬን ከውጭ አገር የሰዓት ምልክት ጣቢያ ጋር አስተያያለሁ፤ የዚያን ቀንም ከመጀመሬ በፊት አስተያይቼ መዝገብ ላይ አስፍሬአለሁ። ያም ሆኖ ከሥራ ከመነሳቴ በፊት ክዳኑን ከፍቼ እያንዳንዱን ነገር መረመርኩ። ምንም አላገኘሁም።

ሐሙስ ዕለት እዚሁ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ረሻድን አገኘሁት። መኪናውን አቁሞ ጎማ ያስነፋል።

«ውድድሩን በልታችኋል አሉ» አልኩት።

«ምን መብላት፣ እህቴ! በፀሐይ ተቃጠልን እንጂ። አምስት ሰዓት ላይ ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ። ካድሬው ገና ማይክሮፎኑን ሲይዝ ማሽኑ ይንጫጫል። ‹ይሄን ነገር ዝጉልኝ!› አለ። ይገዙ ወጥቶ፣ ‹ጓድ፣ ማሽኑን ላቁመው፣ ሬዲዮው ግን አይጥፋ› አለው። ‹ዝጋ ስልህ ዝጋ! ከአብዮቱ የሚበልጥ ሬዲዮ አለህ?› አለው። አርባ ደቂቃ ተናገረ። ሁለት ወዛደር ራሱን ስቶ ወደቀብን፣ እሱ መቼ አቆመ።»

«ሬዲዮውም ጠፋ?»

«በሩ ላይ ቆሜያለሁ እኮ፣ መብራቷ ስትጠፋ አየኋት። ምነው፣ ምን ክፉ ተናገርኩ?»

ምንም አልተናገርክም አልኩት።

ይገዙ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሥራ ስጀምር የመጀመሪያው ትምህርትህ ምን ነበር? «ጠፍቶ የበራ ሬዲዮ እስኪሞቅ ድረስ ቦታው ላይ አይረጋም፤ ሁለት ሰዓት እስኪሞላው ቁጥሩን አትመኚው» አላልከኝም? ይህን ከአንተ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ መሥሪያ ቤት የለም። ሪፖርትህ ግን በተራ ቁጥር አራት ላይ «ሬዲዮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሳይጠፋ ውሏል» ይላል። ጓድ ባጫ ጮክ ብሎ አነበበው። ሌላው ሁሉ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ስህተት አይደለም። ይህን ስትጽፍ እጅህ ምን እንደሚጽፍ ታውቅ ነበር።

የድሬዳዋውን ኦፕሬተር ገሜዳን ማንም አልጠየቀውም። ጉዳዩ የሁለት ጣቢያ ክርክር ነው ብለው ተዉት። እኔ ጠየቅሁት። እንደምታውቀው ገሜዳ በየሩብ ሰዓቱ የሁላችንንም ሞገድ ለክቶ ካልጻፈ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። የመዝገቡን ግልባጭ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ በባቡር ላከልኝ። አዲስ አበባ ከጠዋት እስከ ማታ አልተንቀሳቀሰችም። አሰብ አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ሁለት መቶ አሥር ሄርትዝ ከቦታው ወጥቷል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መቶ ስልሳ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሰማንያ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ቦታው ገባ። ሬዲዮ ሲሞቅ ልክ እንደዚህ ነው የሚመለሰው። ለባለሙያ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለምን እንዳደረግኸው ደግሞ ዓርብ ዕለት አወቅሁ፤ አንተ ሳትነግረኝ። መዝገብ ቤት ነኝ ብዬህ የለ? የዝውውር ደብዳቤህ በእጄ ገባ። ካድሬው የድጋፍ ማመልከቻውን የጻፈው ጳጉሜን 4 ቀን ነው። ሪፖርትህን የፈረምከውም ጳጉሜን 4 ቀን ነው። የዝውውር ደብዳቤው «በውድድሩ ላሳየው ትጋት ወደ አዲስ አበባ ዋና ጣቢያ፣ ክፍት በሆነው የኦፕሬተር ቦታ እንዲዛወር» ይላል።

ክፍት የሆነው ቦታ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የኔ ወንበር ነው። ይህን አታውቅም ብዬ ይዤዋለሁ። ካወቅህ አትጻፍልኝ፣ አትምጣም።

አንተ እንድትዛወር ሦስት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አራት ጊዜ። በየቀኑ የሥራ መልእክት ስትልክ ፊደሎቹን ከምትመታበት ፍጥነት ደክሞህ እንደሆነ፣ አሞህ እንደሆነ እለየው ነበር። መጨረሻ ላይ ከደንቡ ውጭ «ሁሉ ደህና» የምትለውን ወረቀት እየቆረጥኩ አስቀምጥ ነበር። እና በዚህ መንገድ ልትመጣልኝ ነው? እኔን ረግጠህ ወደ እኔ?

ካድሬውን ፈርቼ ነው ትለኝ ይሆናል። እኔም እፈራለሁ። ኮልፌ ውስጥ የማይፈራ ሰው አላውቅም። ግን ፈርቶ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፣ ፈርቶ ሰው ላይ መፈረም ሌላ ነው።

መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት መጥፋት ቀላል ነው። የዝውውር ደብዳቤህን በተሳሳተ ፋይል ውስጥ ብከተው ስድስት ወር ማንም አያገኘውም ነበር። እጄ ላይ ይዤው ብዙ ተቀምጫለሁ፤ አልደብቅህም። ከዚያ ቁጥር ሰጥቼ ወጪ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት።

አሁን የምልህ ይህ ነው። ረሻድ ማክሰኞ ይደርሳል። ረቡዕና ሐሙስ አሉህ። ለኮሚቴው በማሽኑ አንድ መልእክት ላክ፤ ሬዲዮው ከአምስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ከአርባ ጠፍቶ ነበር በል። ማን እንዳስጠፋው አትጻፍ፤ አንተን ማሳሰር አልፈልግም። መጥፋቱን ብቻ ጻፍ፣ ፈርምበት። ዝውውሩ እንደሚሰረዝ አውቃለሁ። አምስተኛ ማመልከቻ እጽፋለሁ።

መልእክትህ እስከ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ ካልመጣ የገሜዳን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ያኔ ተራ ቁጥር አራትን ማን እንደጻፈ እነሱ ይጠይቁህ። ጓድ ባጫ የገዛ ሚስት በባሏ ላይ ታቀርባለች ወይ ብሎ ቢስቅ ይሳቅ።

እናትህ ሰላም በይልኝ ብለዋል። ሸሚዝ ልከውልሃል፣ ከረሻድ ጋር ነው። ጉዳዩን ሁሉ አልነገርኳቸውም፤ ዓርብ አልፎ ነው የምነግራቸው፣ ወይም አንተ ትነግራቸዋለህ።

እግዚአብሔር ከሙቀቱም ከሰዎቹም ይጠብቅህ። ልብ ይስጥህ።

ሚስትህ
ጽጌማርያም

ረሻድ የታሸገ ሌላ ፖስታም ይዟል፣ የዝውውርህ ነው። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ እንዳይሰጥህ ነግሬዋለሁ። ጨርሰሃል፤ አሁን ጠይቀው።