ለእህቴ ያልተሰጣትን ኢንሱሊን «ተሰጥቷል» ስላለው ፕሮግራም

ለተከበሩ አቶ ኤርኪ ፓሎሄይሞ
የኮስኪራንታ ከተማ የቤት ለቤት ሕክምና የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የእርስዎን ጤና የሚጠብቀው የእርስዎ ፕሮግራም ስላልሆነ ደህና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም።

ከሁሉ አስቀድሞ መድኃኒት ለማን እንደተሰጠ የሚመዘግበውን የፕሮግራማችሁን ኮድ ማንም እንዲያነበው በይፋ ስለለጠፋችሁ አመሰግናለሁ፤ ማንም ያነበዋል ብላችሁ እንዳልጠበቃችሁ ግን ያስታውቃል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማርኩት ደግሞ ጡረታ ወጥቼ ስለሆነ፣ ዘግይቶ እንደተማረ ሰው እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

፩. እስከ ጥር ድረስ ትሬድ የሚባሉት የፕሮግራማችሁ ሠራተኞች፣ ጎን ለጎን እየሠሩ የበሽተኞችን መረጃ ሁሉ ቫሪያብል በሚባል አንድ የጋራ የመረጃ ማስቀመጫ ላይ ይጽፉ ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደመስስበታል። ይህንንም ጽፌላችኋለሁ።

፪. ምስጋና ይግባችሁና ቫሪያብሉን ለእያንዳንዱ ትሬድ የግል አደረጋችሁት፤ ኬክ ቆርሳችሁም ፎቶ ተነሣችሁ። ይሁን እንጂ ትሬዶቻችሁ አንድ በሽተኛ ሲጨርሱ አይሰናበቱም፤ ያው ትሬድ ለሚቀጥለው በሽተኛ ይጠራል፣ የግል ቫሪያብሉም የቀደመውን ሰው መረጃ እንደያዘ ይጠብቀዋል። ሃያ ስድስት ዓመት የመዋኛ አዳራሽ የልብስ ማስቀመጫ ሎከር ሳጸዳ ኖሬአለሁ። ለሰው የራሱን ቁልፍ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው የተወውን እርጥብ ካልሲ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም፤ እንደማየው ከሆነ እንዲያውም ይከለክላል።

፫. መጋቢት አሥራ ሁለት ጠዋት አቶ ታውኖ የተባሉ የእህቴ ጎረቤት ኢንሱሊናቸውን ወሰዱ፤ «ተሰጥቷል» ተብሎም ተመዘገበ። ያው ትሬድ ቀጥሎ የእህቴን የሂልካን ስም ሲቀበል የአቶ ታውኖ «ተሰጥቷል» አልተደመሰሰም ነበርና፣ እህቴም እንደ ወሰደች ተቆጥራ ከነርሷ የዕለት ዝርዝር ወጣች፤ ነርሷም ሳትመጣላት ቀረች። በማግስቱ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ራሷን ስታ አገኘኋት።

፬. ስደውል ባለሙያዎ ወይዘሮ ሳቱ በታላቅ ትሕትና መለሱልኝ፦ «እማማ፣ አሁን እኮ የእያንዳንዱ ለየብቻው ነው፣ አይነካካም። ምናልባት እህትዎ ነርሷ መምጣቷን ረስተው ይሆናል፤ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ!» እህቴ አልረሳችም፣ ክቡር ሆይ። ችግሩ ፕሮግራማችሁ አለመርሳቱ ነው።

ሂልካ ሰኞ ከሆስፒታል ትወጣለች። የምለምነው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ትሬዱ አዲስ በሽተኛ ሲቀበል የአሮጌውን መረጃ ይደምስስ። መስመሩን ራሴ ጽፌ ከላክሁላችሁ አሥር ቀን ሆኖታል፤ ለስብሰባ እንደ ተመራ ሰምቼ ተደስቻለሁ።

ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለበሽተኞችዎም ቢያንስ ስብሰባው እስኪያልቅ የሚያደርስ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ራውሃ ሃገርት

ማስታወሻ፦ እስከዚያው በሂልካ በር ላይ ወረቀትና እርሳስ በሲባጎ አስሬአለሁ፤ ነርሷ መርፌውን ስትወጋ ትፈርምበታለች። አቶ ታውኖም አይተው ለራሳቸው በር አሠርተውኛል። ትናንት ደግሞ የእርስዎ እናት ደውለው ለእሳቸውም አንድ እንዳዘጋጅላቸው፣ ለእርስዎም እንዳልነግርባቸው ለመኑኝ።