የአቶ ፈቃዱ ዘበርጋ የሕይወት ታሪክ፦ ከስድስቱ ስክሪን እስከ እምነበረዱ

አቶ ፈቃዱ ከአባታቸው ከአቶ ዘበርጋ ሳረነ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አዛለች ወልዴ በ1952 ዓ.ም. ከእምድብር ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ተወለዱ። በተወለዱበት ዕለት መብረቅ የጎረቤትን ዝግባ ለሁለት ሰንጥቆ የእነሱን ጎጆ ዝም ብሎ አልፏል። እናታቸውም “ኤሌክትሪክ ይህን ልጅ ያውቀዋል” ይሉ ነበር። የሚጠራጠር ካለ ሄዶ ግንዱን ይይ፤ ተፈልጦ ካላለቀ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በእምድብር እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። የቀረውን የተማሩት የሰው ሬዲዮ እየፈቱ ነው። የአባታቸውን ፈተው ሲገጥሙት አራት ብሎን ተረፈ፤ ሬዲዮው ግን ከዚያ ወዲህ የካርቱምን ጣቢያ እንኳ ይስብ ጀመር።

በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሐረገወይን ተክሌ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሕይወትንና ኢዮብን ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. ወልቂጤ ላይ የጥገና ሱቅ ከፍተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠሩበት።

በ1998 ዓ.ም. የትውልድ መንደራቸው ትምህርት ቤት መብራት ሲገባለት አቶ ፈቃዱ የኮምፒውተር ክፍል ሊያቋቁሙለት ሥራ ጀመሩ። የቡታጅራው ነጋዴ ወዳጃቸው አቶ ሙባሪክ ከአዲስ አበባ በኪሎ የተሸጡ ስድስት አሮጌ ስክሪኖች በአይሱዙ ጭነው አመጡላቸው። ኮምፒውተሩ ግን አንድ ብቻ ነበር። አቶ ፈቃዱም ስድስቱን ስክሪንና ስድስት ኪቦርድ ከዚያ ከአንዱ ማሽን ጋር አገናኟቸው፤ ሽቦውን በእንሰት ቃጫ አሰሩ፤ ጠረጴዛውን ከባሕር ዛፍ ጣውላ መቱ። ማሽኑ ቀፎ ስላልነበረው ቴሌቪዥንን ከመብራት መዋዠቅ ከሚጠብቅ የተበላሸ ስታቢላይዘር ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት። ለዚህ ሁሉ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ በበሩ ላይ ስማቸው እንዲጻፍ። ርዕሰ መምህሩም ቃል ገቡላቸው።

እዚህ ላይ አንድ የመንግሥት ኃላፊ ይገባሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል። ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ካሉ ግን እባካችሁ ወንበር ስጧቸው፣ ቆመው ሲሰሙት እንዳይደክማቸው።

ምረቃው አገር ሙሉ ሰው ለመስቀል ወደ ቤቱ በሚገባበት በመስከረም 15 ቀን 1999 ዓ.ም. እንዲሆን ተወሰነ። በበሩ ላይ እምነበረድ ተለጠፈ፤ የተቀረጸበት የኃላፊው ስም ብቻ ነበር። ይህ አልበቃ ብሎ ዋዜማው ላይ ኃላፊው መጡና ጠረጴዛ ሥር ያለውን ቆርቆሮ አይተው ለጥበቃው ለአቶ ከማሉ “ይህን ስታቢላይዘር ቤቴ አድርስ፤ ለበዓሉ እንግዳ አለብኝ” አሏቸው።

“ኧረ ጌታዬ፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው፤ ጋሽ ፈቃዱ አትንኩ ብሏል።”

“አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ?”

አቶ ከማሉ ተሸክመው አደረሱ። ኃላፊውም ከኋላው ባለው ሶኬት ቴሌቪዥናቸውን ሰኩበት።

በማግስቱ ኃላፊው ሪባን ቆርጠው “በግል ጥረቴ ስድስት ኮምፒውተር አቆምኩላችሁ” አሉና አንዱን ስክሪን ተጫኑ። ጨለማ። ሁለተኛውን ተጫኑ። ጨለማ። ስድስቱንም አዳረሱ። በዚህ ጊዜ የቆርቆሮውን ነገር ከአቶ ከማሉ የሰሙት አቶ ፈቃዱ ከሕዝቡ ኋላ ሆነው “ጌታዬ፣ እነዚህ ስክሪን ብቻ ናቸው። ኮምፒውተሩ ቤትዎ ቴሌቪዥን እየጠበቀ ነው!” አሉ። ከመርካቶ የመጣው ነጋዴ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ቡታጅራ ድረስ ተሰምቷል፤ አቶ ሙባሪክ ምስክር ናቸው። ቴሌቪዥኑም የዚያን ቀን ተቃጠለ ይባላል፤ ካልተቃጠለም እኛ ተመኝተንለታል።

ኃላፊው ማሽኑን መለሱ፤ አቶ ፈቃዱን ግን “ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እግርህ እንዳይደርስ” ብለው አገዱ። ሰባት ዓመት ሙሉ ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር መምህራኑ በጆንያ ጠቅልለው በሚኒባስ ወልቂጤ ያመጡት ነበር፤ አቶ ፈቃዱም ልጆቹን አስበው ይጠግኑታል። ስማቸው ግን በዚያ ግቢ ተጠርቶ አያውቅም።

በ2006 ዓ.ም. አሮጌው ክፍል ፈርሶ አዲስ ሲሠራ እምነበረዱ ከፍርስራሹ ጋር ተጣለ። አቶ ፈቃዱ ይህን ሲሰሙ በአቶ ሙባሪክ አይሱዙ አስጭነው ሱቃቸው አስገቡት። ለምን እንደሆነ ለሚስታቸውም አልነገሩም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ፓስተሩ አልጋቸው አጠገብ ሆነው “ጋሼ፣ ያንን ሰው ይቅር ብለውታል?” ብለው ሲጠይቋቸው “ለጌታ ሰጥቼዋለሁ። በቀብሬ ቀን በሚነበበው ወረቀት ላይ ግን ይጻፍ” አሉ። ስለዚህ ተጻፈ። ሽማግሌዎች “እሱን የታሪኩን ክፍል ተዉት” ብለውን ነበር፤ የሟችን ቃል ግን ማን ይሽራል?

አቶ ፈቃዱ በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ሐምሌ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ኤልያስንና ኪቦርድ ያስነኳቸውን የመንደሩን ልጆች ትተው አልፈዋል።

ዛሬ በመቃብራቸው ላይ የሚያርፈው ያው እምነበረድ ነው። አቶ ፈቃዱ በጀርባው “ስድስቱን ስክሪን ያበራ፣ ፈቃዱ ዘበርጋ” ብለው አስቀርጸው፣ የሞቱበትን ቀን ብቻ ለእኛ ትተውልን ነበር። ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ ቤተሰባቸውንም ያጽናና። ላይኛውን ስም መንገደኛ ሁሉ ያንብበው፤ የታችኛውን ደግሞ አፈሩ ያንብብ።