ሠላሳ ጫማ ያልናት ጀልባ

እትዬ ኔኒታ፣

መብራት ሳይጠፋ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ፤ ባልዲዎቹንም ውኃ ሙያቸው። ሩዙ ድስቱ ውስጥ ነው፤ የደረቀውን ዓሣ ጥበሺበት።

እኔ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ሄጃለሁ። ኪራዩ በጀልባ ርዝመት ስለሚታሰብ፣ ጥቂት ፔሶ ለማትረፍ ሠላሳ ስድስት ጫማ የሆነችውን ጀልባችንን «ሠላሳ ጫማ» ብለሽ አስመዘገብሻት። የማቆሚያው ቢሮም አጭሩን ቦታ ሰጠን። ጭራዋ ወደ ባሕሩ ወጥቶ ቀርቷል፤ ገመድ የሚታሰርበት እንጨት እንኳ አይደርስላትም። አሁን ደግሞ የአውሎ ነፋሱ ማስጠንቀቂያ ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል።

አባባ ውስጧ ነው። ደውዬ «ውረድ» ብለው፣ «አንቺ ምሁር፣ መጀመሪያ ነፋሱን በዲግሪሽ እሰሪልኝ» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም።

ለቢሮው እውነቱን ተናግሬ ረጅም ቦታ እንዲሰጡን እለምናለሁ። እምቢ ካሉም እሱን ትቼ አልመለስም።

የጠዋቱን ጩኸቴን እርሺው።
ስለ ርዝመቷ ያልኩት ግን ልክ ነው።

የባሕር ጠባቂዎች ከደወሉልሽ፣ ሠላሳ ስድስት ጫማ ናት በያቸው። በመዝገቡ ሠላሳ ጫማ ብለው ሌላ ጀልባ ሲፈልጉ እንዳይመሽባቸው።

ሪዛሊን