የተገለበጠው ቴምብር

ሰኞ፣ ጥር ፲፫

ሰይድ ሊሄድ ነው። ወደ ደሴ፣ ለሁልጊዜው። ከምሠራበት ከህንዱ ሱቅ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። አባቱ አርፈዋል፤ እናቱ ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ቅዳሜ ከሚወጡት ነጋዴዎች ጋር ይጓዛል። «ያጥናህ» አልኩት። ትንሽ እንደ ሄድን፣ «ቴምብሮቹስ?» አለኝ።

የሁለታችንም ናቸው። ልጆች ሳለን ከጊዮርጊስ በታች ፈረንጆች የሚጥሉትን ፖስታ እየለቀምን ጀመርን። እሱ ኮርቻ ሰፊ ሆነ፣ እኔ የሱቅ ጸሐፊ ሆንኩ፤ እሑድ እሑድ ግን እሪ በከንቱ ሰፈር እሱ ቤት ቁጭ ብለን ቴምብር በውሃ እየነከርን ከፖስታው መላጡን አልተውንም። ሚስቴ «የሁለት ጎልማሶች ዕቃ ዕቃ» ትለዋለች።

ሌላው ሁሉ ለሁለት ይከፈላል። አረንጓዴውስ? በላዩ ደርበው ያተሙት ጽሕፈት ተገልብጦ የወጣበት ነው። እንደሱ ያለ ሌላ አይተን አናውቅም።

ማክሰኞ

አስገምተነው አንዳችን እንዲወስደው፣ ሌላው በልኩ ከቀሩት እንዲመርጥ ተስማማን። ሰይድ ለቅሶ ላይ ስለሆነ ብቻዬን ይዤ ሄድኩ። አርመኑ ሙሴ ጋራቤድ አራዳ ላይ ሰዓት ይጠግናል፤ ቴምብርም እየገዛ ወደ ውጭ ይልካል።

ሌሎቹን አገላብጦ አመሰገነ። አረንጓዴው ላይ ግን ብዙ ቆየ። ማጉያውን ከዓይኑ ሳያወርድ፣ «ይህ ሐሰት ነው። ጽሕፈቱን እዚሁ ሰው ነው የመታበት። ለማሳያ ይሆነኛል፣ ተውልኝ» አለ።

አልተውኩለትም። መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው የገባኝ። ሐሰት ከሆነ ለምኑ ፈለገው?

ረቡዕ

ለሰይድ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«ብቻህን ነው የሄድከው» አለ።

«አንተ ለቅሶ ላይ ነህ ብዬ እኮ ነው።»

«እኔ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሐሰቱ እዚህ ካንተ ጋር ይቀራል። ከሄድኩ በኋላ እውነት ቢሆንስ?»

ከሙሴው ጋር የዶለትኩ መስሎታል! የቴምብሮቹን አልበም እንዳለ ጉልበቱ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። ሚስቴ «ሁሉንም ተውለትና ተገላገል» ትላለች። ብተውለት ደግሞ ጥፋተኛ ሆኜ የምክስ ይመስላል። ባልተውለትም ያው ነው።

ሐሙስ

የጨርቅ ልክ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ህንዱ ተቆጣኝ። ስለ ቴምብር የሚያውቅ ሌላ ሰው አሰብኩ። ግሪኩ መድኃኒት ሻጭ፦ ጅቡቲ ወርዷል። ፖስታ ቤት ያለው ጸሐፊ፦ ከሙሴ ጋራቤድ ጋር አብረው ነው የሚበሉት።

ማታ በሰይድ ሱቅ በኩል አለፍኩ። ቆዳ ይመታል። አይቶኛል፤ ቀና ግን አላለም። ልክ እንደ ባዳ።

ዓርብ

ቀትር ላይ ሰይድ ራሱ መጣ። «ና እንሂድ» ብቻ አለኝ። ተከተልኩት።

ሙሴ ጋራቤድ ፊት አረንጓዴውን በጣቱ ይዞ ቆመ።

«ሙሴ፣ ይህ ሐሰት ነው ብለዋል?»

«ሐሰት ነው ልጄ። ለጓደኛህ ነግሬዋለሁ።»

«እንግዲያው በሱ የተነሳ ሰው አይጣላ» አለና ከኪሱ የቆዳ መቀሱን አወጣ።

መቀሱን ከፍቶ ቴምብሩን በስለቶቹ መሃል ሲያስገባው አየሁ። ሙሴ ጋራቤድ ጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ፣ «ተው! አብደሃል እንዴ!» እያለ የሰይድን እጅ ጨምድዶ ያዘ። ማጉያው ወድቆ ተንከባለለ። በትግሉ መሃል መቀሱ ተዘጋና የቴምብሩ አንድ ጥግ ተቆርጦ ወደቀ።

ሙሴው ቁራጩን በወረንጦ አንስቶ መዳፉ ላይ አደረገው። «በዓለም ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቢገኝ ነው» አለ። ድምፁ የለቅሶ ድምፅ ነበር። «አሁን ማን ይገዛዋል?»

«ስንት ይገምቱታል እንግዲህ?» አለው ሰይድ።

ከወጣን በኋላ ሰይድ ግንቡን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቀጥሎ ትከሻዬን ያዘኝ። «ወላሂ ተክሌ፣ እኔ ያየሁት እሱን አይደለም፣ አንተን ነው። ተማክራችሁ ቢሆን ኖሮ እጄን ቀድመህ የምትይዘኝ አንተ ነበርክ። ንቅንቅ አላልክም። አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኩት።

ቅዳሜ

ሄደ። በቅሎዎቹ ተጭነው እስኪያልቁ አብሬው ቆየሁ። አልበሙን መልሶ ለኔ ሰጠኝ፤ ደሴ ላይ አብሮት የሚልጥ ሰው የለም። ጎደሎውን አረንጓዴ እሱ ወሰደው። «አሁን ሽጥልኝ እያለ የሚያባብለኝ ነጋዴ አይኖርም» አለ። ተቃቅፈን ተላቀስን፤ ነጋዴዎቹ ሳቁብን።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም። መቀሱ ሲከፈት ልይዘው ፈልጌ ነበር። «ሰይድ!» ብዬ ልጮህም ነበር። ድምፄ ነው እምቢ ያለኝ፤ እግሬ ነው ደንዝዞ የቀረው። ታማኝነቴን ያረጋገጠለት ድንጋጤዬ ነው። ዛሬም ሊሰናበተኝ ሲያቅፈኝ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ደግ አደረግኩ ይሆን? እንጃ። ብቻ ቀለል ብሎኛል። እሑድ እሪ በከንቱ የምሄድበት ቤት ግን የለኝም።